የጥምቀት ጥልፍና ያገለገለ መኪና

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው የአበው ብሂል ጥር በገባ ቁጥር በየቤቱ ይነሣል። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በዮርዳኖስ ወንዝ በመጥምቁ ዮሐንስ እጅ የተጠመቀበትን ዕለት የምናስብበት ይህ ታላቅ በዓል፣ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ በከተራ ይጀመራል፤ ጥር 11 ቀን በድምቀት ይከበራል፤ ጥር 12 ቀንም በቃና ዘገሊላ ይቀጥላል። በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ደግሞ ከሌሎች አህጉር የሚመጡ እንግዶችም ከምእመናኑ ጋር ታቦታቱን ሲያጅቡ እናያለን። እንግዳውም ሆነ ባለ ሀገሩ በመጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በነጩ ልብስና ከአንገት እስከ ጫፍ በወረደው ጥልፍ ላይ ነው።

ያን ጥልፍ የሠሩት እጆች ግን በዕለቱ አይታዩም። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ይህንንም ሥራ ያዩ ብዙ እናቶችና ወጣት ሴቶች «እኛስ ልጆቻችንን እያሳደግን በቤታችን ተቀምጠን ለምን አንጠልፍም?» ሲሉ እንሰማለን። ሐሳቡ መልካም ነው። አዲስ የጥልፍ መኪና ለመግዛት ግን የአብዛኛው ቤተሰብ አቅም ስለማይፈቅድ፣ ዓይን ሁሉ ያገለገለ መኪና ወደሚሸጥበት ያተኩራል። ታዲያ በዕቁብ ወይም በብድር የተገኘ ገንዘብ ተይዞ ወደ ገበያ ከመወጣቱ በፊት ምን መታወቅ እንዳለበት፣ በዚህ የበዓል ዕትም ጥቂት ለመጠቆም ወደድን።

ጥልፍ በቅዱስ መጽሐፍ

ጥልፍ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ሙያ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት እንደምናነበው፣ እግዚአብሔር የመገናኛውን ድንኳን ሥራ ባዘዘ ጊዜ ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልን፣ ከዳን ነገድም ኤልያብን መርጦ ጥበብን በልባቸው አኖረ። ከእነዚህም ኤልያብ በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በቀይ ግምጃ እንዲሁም በጥሩ በፍታ የሚጠልፍ ባለ ሙያ ነበር። በልባቸው ጥበበኞች የሆኑ ሴቶችም በእጃቸው ፈትለው አመጡ። የሊቀ ካህናቱ የአሮን መታጠቂያም የጥልፍ ሥራ እንዲሆን ታዟል።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊትም ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ባበሠራት ጊዜ ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆነውን ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደ ነበር ይነገራል። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፍቶ ያድር ነበር፤ በፊልጵስዩስ ትምህርቱን የተቀበለችው ልድያም የሐምራዊ ግምጃ ነጋዴ ነበረች። ስለዚህ በቤት ውስጥ ተቀምጦ በመርፌና በክር እንጀራ መብላት የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። የተከበረ ሥራ መሆኑ ግን ያለ ሒሳብ እንድንገባበት አይፈቅድልንም። ጌታችን በወንጌለ ሉቃስ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር ያስተማረው ትምህርት ለጥልፍ ቤትም ያገለግላል።

የትኛው መኪና ለየትኛው ጥልፍ

በቅድሚያ ጥበብንና ጥልፍን መለየት ይገባል። ጥበብ ሸማኔው በመወርወሪያ ከሸማው ጋር አብሮ የሚሠራው ነው። ጥልፍ ግን ሸማው ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ጌጥ ነው። በእጅ የተሸመነ ሸማ ከፋብሪካ ጨርቅ ይልቅ የላላ በመሆኑ፣ መርፌ ሲበዛበት ይሰበሰባል፤ ይጨማደዳልም። በመሆኑም በፋብሪካ ጨርቅ ላይ አምሮ የሚጠልፍ መኪና ሁሉ በሸማ ላይ ያምራል ማለት አይደለም። ከሸማው ሥር ስስ ድጋፍ ጨርቅ ወይም ወረቀት ማድረግ፣ ጨርቁንም በፍሬም በእኩል መወጠር ያስፈልጋል።

በገበያ ላይ የሚገኙት ያገለገሉ መኪናዎች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በእግር ወይም በአነስተኛ ሞተር የሚነዳው የልብስ ስፌት መኪና ነው። አይዛክ ሲንጀር በ1851 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ወዲህ በዓለም ሁሉ የተሠራጨው፣ እኛም በጥቅሉ «ሲንጀር» እያልን የምንጠራው ዓይነት መሆኑ ነው። የመርገጫ እግሩ ወልቆ፣ ከሥር ጨርቁን የሚገፋው ጥርስም ዝቅ ብሎ ወይም ተሸፍኖ፣ ሠራተኛዋ በፍሬም የተወጠረውን ጨርቅ በእጇ እያንቀሳቀሰች ትጠልፍበታለች። ዚግዛግ የሚሰፋው ደግሞ ሰፋ ያለ ጥልፍ ለመሙላት ይመቻል። በዚህ መኪና ላይ ውበቱ የሚመጣው ከሠራተኛዋ እጅ ስለሆነ ልምምድ ይጠይቃል። ይሁንና ጨርቁ እንደ ልብ ስለሚንቀሳቀስ የጥልፉ ርዝመት ወሰን የለውም።

ሁለተኛው ባለ አንድ መርፌ የቤት ውስጥ የኮምፒዩተር ጥልፍ መኪና ነው። ንድፉን ከማኅደረ ትውስታው አንብቦ ፍሬሙን ራሱ ያንቀሳቅሳል። ሦስተኛው ስድስት፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት መርፌ ያለው የሥራ ቤት መኪና ነው። ይህ ቀለም እየለዋወጠ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ቢሆንም ክብደቱም፣ ጥገናውም፣ የሚይዘው ቦታም እንደ ስሙ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነጥብ አለ። ከባለ አንድ መርፌዎቹ መካከል በርካሽ የሚገኙት አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ የሚጠልፉት ቦታ ርዝመቱም ወርዱም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሻል የሚሉት 13 በ18 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ። የሀገር ልብስ ቀሚስ ላይ ከደረት ወደ ታች የሚወርደው የመስቀል ጥልፍ 60 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም፣ በመጀመሪያው መኪና ቢያንስ ስድስት ጊዜ፣ በሁለተኛው ደግሞ አራት ጊዜ ጨርቁን ፈትቶ እንደገና መወጠር ግድ ይላል። በእያንዳንዱ ውጠራ መስመሩ በሚሊ ሜትር ቢያፈነግጥ መስቀሉ ተሰብሮ ይታያል። ለሕፃን ልብስ፣ ለመሐረብና ለትራስ ልብስ የሚመቸው መኪና ለጥምቀት ቀሚስ ላይመች ይችላል ማለት ነው።

ጊዜውንም እናስላ። አንድ ንድፍ 20 ሺህ ስፌት ቢኖረውና መኪናው በደቂቃ 600 ጊዜ ቢወጋ፣ መርፌው ብቻውን 33 ደቂቃ ያህል ይሠራል። በዚህ ላይ በባለ አንድ መርፌው መኪና ቀለም በተለወጠ ቁጥር ቆሞ ክር መቀየር፣ የታችኛው ክር ሲያልቅ መተካት፣ የተበጠሰውን ማያያዝ ይጨመራል። ስለዚህ «በቀን ይህን ያህል ቀሚስ እጠልፋለሁ» ብሎ ቃል ከመስጠት በፊት አንዱን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሰዓት መለካት ይጠቅማል።

ባሕረ ሐሳብና የጥልፍ ገበያ

የጥልፍ ገቢ ዓመቱን ሙሉ በእኩል አይመጣም፤ በዓልንና ሠርግን ተከትሎ ይመጣል። ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ትእዛዙ ይበዛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ስለሌለ ገበያው ይቀዘቅዛል። በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን ቀደም ብሎ አይገባም፤ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። ይህ ማለት ጾሙ በቶሎ በሚገባበት ዓመት ከጥምቀት እስከ ጾሙ መግቢያ ያለው ጊዜ 20 ቀን ብቻ ሲሆን፣ በሚዘገይበት ዓመት ግን 54 ቀን ይደርሳል። ከዚያም 55ቱ የጾም ቀናት ይከተላሉ። ትንሣኤና በዓለ ሃምሳ ገበያውን ያነቃቁታል፤ ክረምቱ መልሶ ያቀዘቅዘዋል፤ የዘመን መለወጫና መስቀል ሲቃረቡ ደግሞ ትእዛዙ ይመለሳል።

የዕቁብ መዋጮና የብድር ክፍያ ግን ጾምም ሆነ ክረምት አያውቅም፤ በየወሩ ይጠበቃል። በታኅሣሥ ወር በጥምቀት ትእዛዝ ተደስቶ መኪና የገዛ ቤተሰብ፣ በመጋቢት ምን እንደሚከፍል አስቀድሞ ካላሰበ መኪናውን በግማሽ ዋጋ እንዲሸጥ ይገደዳል። ገበያ ላይ ከምናያቸው «ብዙም ያልሠሩ» መኪናዎች አንዳንዶቹ ከዚህ ዓይነት ቤት የወጡ ናቸው። በእኛ አስተያየት ቢያንስ የሦስት ወር ክፍያ ለብቻው ሳይቀመጥ በዱቤ መኪና መግዛት አይመከርም። ከመኪናው ዋጋ ሌላም ለክር፣ ለመርፌ፣ ለድጋፍ ጨርቅ፣ ለዘይትና ለመጀመሪያው ጥገና የሚሆን ገንዘብ መተው አለበት። ያገለገለ መኪና ተገዝቶ ሳይጠረግና ሳይታይ ወደ ሥራ ስለማይገባ፣ የባለ ሙያው ዋጋ የመግዣው አካል ተደርጎ ይቆጠር።

መኪናውን ስናይ

ያገለገለ መኪና ለማየት የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሂድ። ሊጠልፍበት ካሰበው ሸማ ቁራጭ፣ የራሱን ክርና አዲስ መርፌ ይዞ ይሂድ። ሻጩ ባዘጋጀው ወፍራም ጨርቅ ላይ ያማረ ስፌት ስለ ሸማ ምንም አይነግረንም።

በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ሳይሰካ መዘውሩን በእጅ ወደ ራስ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ዙሩ ሁሉ በእኩል ከከበደ ብዙውን ጊዜ የደረቀ ዘይት ነው፤ ተጠርጎ ሊድን ይችላል። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን የተጣመመ ወይም የተሰበረ ጥርስ ሊኖር ስለሚችል ያለ ባለ ሙያ ምስክርነት አይገዛ። ቀጥሎ መርፌ የሚያዝበትን ዘንግ በጣት ወደ ግራና ወደ ቀኝ መነቅነቅ፤ በጉልህ የሚወዛወዝ ከሆነ ብዙ የሠራ ነው። መርፌ የሚገባበትን ብረትና የታችኛውን ክር የሚጠልፈውን መንጠቆ በጣት መዳሰስም ይገባል። መርፌ እየመታው የተጫረ ብረት ክር ይበጥሳል።

ከዚያ በራስ ጨርቅ ላይ ይሰፋ። የታችኛው ክር ከላይ ብቅ ካለ ወይም የላይኛው ከሥር ከተንጠለጠለ ውጥረቱ ይስተካከልና እንደገና ይሞከር። ተስተካክሎም እምቢ ካለ ችግሩ ከውጥረት በላይ ነው። በኮምፒዩተር መኪና የተጠለፈውን ወፍራም መስመር ገልብጦ ከጀርባው ማየት ጥሩ ነው፤ የታችኛው ክር በመስመሩ መካከል የወርዱን ሢሶ ያህል ይዞ ከታየ ውጥረቱ ደኅና ነው። አንድ ክብ ማስጠለፍም ይጠቅማል። መጀመሪያውና መጨረሻው ካልተገናኙ፣ ጨርቁ በደንብ ተወጥሮ እንደ ሆነ ከታየ በኋላ፣ ፍሬሙን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል መጠርጠር አለበት።

የኮምፒዩተር መኪና ሲሆን ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ። ብዙዎቹ እስከዚያ ዕለት የወጉትን የስፌት ብዛት በመስኮታቸው ስለሚያሳዩ፣ ሻጩ ያንን ገጽ እንዲከፍት ይጠየቅ። ንድፍ የሚቀበለው በምንድን ነው? ጥንታዊዎቹ በፍሎፒ ዲስክ ወይም ለብቻው በተሠራ ካርድ ብቻ የሚቀበሉ ስለሆነ፣ ካርዱ ከሌለ መኪናው ደኅና ሆኖ ሳለ ሥራ ይፈታል። ከየትኛው የንድፍ ፋይል ጋር እንደሚስማማ፣ ፒ.ኢ.ኤስ. ይሁን፣ ጄ.ኢ.ኤፍ. ይሁን፣ ወይም ዲ.ኤስ.ቲ. ይሁን መታወቅ አለበት። ፍሬሞቹ፣ የታችኛው ክር መያዣና የኤሌክትሪክ ገመዱ አብረው መኖራቸው ይረጋገጥ። ባለ ብዙ መርፌ ከሆነ ደግሞ ሁሉም መርፌዎች በየተራ ይሞከሩ፤ «ሦስቱ አይሠሩም እንጂ ሌላው ደኅና ነው» የሚባል መኪና የሦስቱ ዋጋ መቀነስ አለበት። ከሁሉም በላይ ያን ዓይነት መኪና የሚጠግን ሰውና መለዋወጫው በከተማችን መኖራቸው ከመግዛት በፊት ይጠየቅ።

ከባሕር ማዶ የሚላክ መኪና

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለእናት ወይም ለእኅት ያገለገለ የጥልፍ መኪና ገዝተው መላካቸው የተለመደ እየሆነ መጥቷል። ስጦታው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ቮልት ነው። በመኪናው ጀርባ ወይም በታችኛው ገጽ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ በቀጥታ ይሰካል። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን ከመኪናው ዋት ከፍ ያለ አቅም ያለው ትራንስፎርመር ሳይኖር መሰካት የለበትም።

በምናገለግልበት ሰበካ የምናውቃቸው አንዲት እናት ይህ ሳይነገራቸው ቀርቶ ተጎድተዋል። የዕቁብ ዕጣ ሲደርሳቸው ከአንድ ግለሰብ ላይ ባለ አንድ መርፌ መኪና ገዙ። ሻጩ በራሱ ቤት በትራንስፎርመር ሲያሠራው ቆይቶ፣ ሲሸጥ ግን ትራንስፎርመሩን ለራሱ አስቀረው፤ ምንም አላላቸውም። እቤታቸው እንደ ሰኩት የኃይል ክፍሉ ተቃጠለ፤ የሚተካው አልተገኘም። ዕቁቡ ግን ገና ሰባት ወር ይቀረው ነበር። እኒህ እናት እንደ ቀድሟቸው በእጅ መርፌ እየጠለፉ ሰባቱን ወር ከፈሉ። ዛሬ የሚሠሩበት በእግር የሚነዳ ዚግዛግ መኪና ነው። ይህን ሲገዙ የራሳቸውን ሸማ ይዘው ሄደው ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠው እንደ ሞከሩት ነግረውናል። መብራት ሲጠፋም ሥራቸው አይቆምም።

የሻጭ ቃልና የገዢ ምስክር

ከላይ ያየነው ጉዳት የመጣው ከመኪናው ብልሽት አይደለም፤ መነገር የነበረበት አንድ ቃል ባለመነገሩ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ መሸጥና መግዛት የገበያ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖትም ጉዳይ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በሚዛንና በመስፈሪያ ዐመፅ እንዳይሠራ ያዛል። ነውሩን ሰውሮ የሸጠ ሰውም ሚዛኑን ያጎደለ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ በገዢው በኩል ያለውን ተንኰል ይገልጣል፤ በገበያው ላይ ዕቃውን ሲያናንቅ ቆይቶ፣ ይዞት ሲሄድ በርካሽ በመግዛቱ የሚመካውን ይነቅፈዋል። የቸገራት እናት የምትሸጠውን ደኅና መኪና ያለ ነውሩ ነውር እያወጡለት ዋጋ መስበርም እንደዚሁ ግፍ ነው።

የመልካም ግዢ ምሳሌ አባታችን አብርሃም ነው። ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ዋሻ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን ሲገዛ፣ በነጻ ይሰጥህ ሲባል እንኳ እምቢ ብሎ 400 ሰቅል ብር በሕዝቡ ፊት መዝኖ ከፈለ፤ ርስቱም ከነወሰኑ በምስክር ፊት ጸናለት። እኛም ለመኪና ግዢ አንድ ገጽ ወረቀት እናዘጋጅ። የመኪናው ስምና የአካሉ ቁጥር፣ አብረውት የሚሰጡት ዕቃዎች፣ ሻጩ የነገረን ጉድለት፣ ዋጋውና ቀኑ ይጻፉበት፤ ሁለቱ ወገኖችና ምስክሮች ይፈርሙበት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን ሁኔታ ይደነግጋል። ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። በጨረታ «ባለበት ሁኔታ» ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ ግን ገዢው ያየውን እንጂ የተስፋውን አይገዛምና፣ ሳይሞከር አይጫረት። የማን እንደ ነበረ የማይታወቅ መኪና ደግሞ የቱንም ያህል ቢረክስ ወደ ክርስቲያን ቤት አይግባ።

እንግዲህ በሐሳብ ላይ ያሉ ቤተሰቦች መጀመሪያ በእጅ መርፌ ጥቂት ሥራ ሠርተው ደንበኛ ቢያፈሩ፣ ቀጥለው ትእዛዙ የሚጠይቀውን ዓይነት መኪና ቢመርጡ፣ ከዚያም መርምረውና ጽፈው ቢገዙ የተሻለ ነው እንላለን። ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶች ተማምነው በአንድ መኪና ቢጀምሩም ሸክሙ ይቀላል፤ የየድርሻው ስምምነት ግን አስቀድሞ ይጻፍ። ትእዛዝ በዛ ተብሎም ዕለተ ሰንበትን መሻር አይገባም። ከዓርብ የተረፈ ሥራ ካለ ችግሩ ከቀኑ ማነስ ሳይሆን ከተሰጠው ቃል መብዛት ነው።

በግብረ ሐዋርያት የተጻፈችው ጣቢታ በኢዮጴ ስትሞት መበለቶቹ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቀርበው እያለቀሱ ያሳዩት እርሷ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር። እርሱም ጸልዮ አስነሣት። በዚህ ጥምቀት ነጭ ለብሰን ታቦታቱን ስናጅብ፣ ልብሳችንን የጠለፉልንን እናቶችና እኅቶች በጸሎት እናስባቸው። የሠሩበትን ዋጋም ከበዓሉ በፊት ሳናጓድል እንክፈላቸው።

በዓሉን የሰላምና የበረከት ያድርግልን፤ አሜን።